ሰንሰለቱ ከየት ይጀምራል? ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ትምህርትና ስለ ቡናችን የቀረበ ጥናት

ለንግድ ሥራ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል «የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር» የሚባል አንድ አለ። በእኛ በአርትስ ፋኩልቲ ዘንድ ይህ ስም ሲነሣ ስለ መጋዘንና ስለ ካሚዮን ብቻ የሚናገር ትምህርት ነው እየተባለ ለባለቤቶቹ ይተዋል። እኔ ዘንድሮ በምርጫ ኮርስነት ገብቼ እንደ ተከታተልሁት ግን፣ ትምህርቱ ከታሪክም፣ ከጂኦግራፊም፣ ከቋንቋም ተማሪ ጋር የሚያነጋግር ብዙ ጉዳይ አለው። ከዚህም በላይ የአገራችን ቡና ገበሬ በሚመጡት ዓመታት ገበያ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ፣ ከዚህ ትምህርት ተመርቀው በላኪ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤት በሚቀመጡ ወጣቶች አሠራር ላይ በብዙ መንገድ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥና ምን እንደሚጎድለው መመርመር የንግድ ሥራ ተማሪዎች ፈንታ ብቻ አይመስለኝም።

የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት አንድ ዕቃ ከተገኘበት ቦታ ተነሥቶ ከተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው ሰዎች፣ ቦታዎችና ወረቀቶች ሁሉ ተያይዘው ሲታዩ ነው። ዕቃው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ገንዘቡ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወሬው፣ ማለት የትእዛዝና የዋጋ መረጃው፣ በሁለቱም በኩል ይመላለሳል። ስያሜው የቆየ አይደለም፤ ኪት ኦሊቨር የተባለ የንግድ አማካሪ በ1982 እንደ ተጠቀመበት ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ግዢ ለብቻ፣ ማጓጓዝ ለብቻ፣ ማከማቸት ለብቻ ሆነው በየክፍሉ ይታዩ ነበር። በአገራችንም የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1943 ሲቋቋም ይፈለግ የነበረው ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ነበርና ከዚህ የተለየ ነገር ሊጠበቅ አይችልም ነበር።

መምህራኑ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት አስቀድመው የሚያቀርቡት አንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ያወጡት በአሜሪካን አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጄይ ፎሬስተርና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ዘመኑም 1960 ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአያሌ አገሮች የንግድ ትምህርት ቤቶች ሲጫወቱት ኖረዋል። «የቢራ ጨዋታ» ይባላል። የሚጠጣ ነገር ግን የለበትም፤ ይህን አስቀድሜ መናገሬ በዚህ ምክንያት ለመመዝገብ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር ኋላ እንዳያዝንብኝ ነው።

አጫዋቹ አራት ተማሪዎችን በረድፍ ያስቀምጣል። አንደኛው ቸርቻሪ፣ ሁለተኛው ጅምላ ነጋዴ፣ ሦስተኛው አከፋፋይ፣ አራተኛው ፋብሪካ ይሆናሉ። በየሳምንቱ ቸርቻሪው አንድ ካርድ ገልጦ ደንበኛው ስንት ሣጥን ቢራ እንደ ጠየቀ ያያል፤ ካለው ይሰጣል፤ ከዚያም ለጅምላ ነጋዴው ትእዛዝ ጽፎ ያስተላልፋል። ጅምላ ነጋዴው ለአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩም ለፋብሪካው እንዲሁ ያደርጋሉ። ትእዛዙ ለመድረስ ሁለት ሳምንት፣ ዕቃውም ተጭኖ ለመምጣት ሌላ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በመጋዘን ያደረ ሣጥን ሁሉ በሳምንት ግማሽ ዶላር ያስወጣል፤ ተጠይቆ ያልተሰጠ ሣጥን ደግሞ አንድ ዶላር ያስከፍላል። መነጋገር ክልክል ነው። የካርዱ ምሥጢር እጅግ ቀላል ነው፤ ደንበኛው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ 4 ሣጥን፣ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ መጨረሻው በየሳምንቱ 8 ሣጥን ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ ምንም ለውጥ የለም።

ነገር ግን ከዚህች ትንሽ ለውጥ የሚነሣው ሁከት የሚያስገርም ነው። ቸርቻሪው ዕቃ ሲያልቅበት ደንግጦ ትእዛዙን ይጨምራል፤ የጨመረው ቶሎ አልመጣ ሲለው እንደ ገና ይጨምራል። ጅምላ ነጋዴው ይህን ሲያይ ገበያው የደራ መስሎት ከዚያ የበለጠ ያዝዛል፤ እንዲህ እየተባለ ነገሩ ፋብሪካው ዘንድ ሲደርስ 8 የነበረው 40 ይሆናል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የታዘዘው ሁሉ በአንድነት ይመጣና መጋዘኑን ያጥለቀልቀዋል፤ ያን ጊዜ ማንም ምንም አያዝዝም። ጆን ስተርማን የተባለው የዚያው ተቋም መምህር በ1989 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፣ የተጫዋቾቹ ወጪ በሚገባ ቢታሰብበት ሊሆን ከሚችለው አሥር እጥፍ ያህል ነበር። ጨዋታው ሲያበቃ «የደንበኛውን ፍላጎት በሥዕል አሳዩ» ሲባሉ ተጫዋቾቹ ተራራና ሸለቆ ይሥላሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይወቃቀሳሉ። በእኛ ክፍል ፋብሪካ ሆኖ የተቀመጠው ልጅ አከፋፋይዋን «አንቺ ነሽ ያከሰርሽኝ» ሲላት፣ እርስዋ ደግሞ መምህራችን ካርዶቹን ገልጠው እስኪያሳዩአት ድረስ ጥፋቱ የደንበኛው ነው ብላ ስትሟገት ነበር።

ይህ በጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የአሜሪካን ኩባንያ ፓምፐርስ የሚባለውን የሕፃናት ዳይፐር ሽያጭ ሲመረምር፣ ሕፃናቱ ሳያቋርጡ በእኩል መጠን ሲጠቀሙ የአከፋፋዮቹ ትእዛዝ ግን እጅግ ሲዋዥቅ አገኘው። ሃው ሊና ሁለት ባልደረቦቹ በ1997 በጻፉት ጥናት ይህን ነገር በጅራፍ መስለው አስፋፍተው አስረድተዋል፤ እጀታው ጥቂት ሲነቃነቅ ጫፉ ብዙ ይወናጨፋልና። እኛም ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የምንለው ለእነዚህ አራት ተጫዋቾች የተነገረ ይመስላል። መድኃኒቱም ቸርቻሪው የሚያየውን ካርድ ሌሎቹም እንዲያዩት ማድረግ ነው ተብሎ ይሰጣል፤ ወሬው ካልተደበቀ ሁከቱ ይቀንሳል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ ግሩም ነው።

አሁን ግን ከጠረጴዛው ጫፍ እንቁም። ፋብሪካው ስንት ሣጥን ልሥራ ብሎ ሲጽፍ ያ ሁሉ ቢራ ከምን ይሠራል? ገብሱና ውሃው ያለ ወጪና ያለ ገደብ ከጠረጴዛው ማዶ ይመጣል። ከፋብሪካው በስተኋላ ማንም አልተቀመጠም። ፎሬስተርን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ የእርሱ ጥያቄ ሌላ ነበርና። የሚያስወቅሰው በጨዋታው ላይ የተሠራው ትምህርት የጠረጴዛውን ጫፍ የዓለም ጫፍ አድርጎ መቀበሉ ነው።

«ዘላቂነት» የሚባለው ነገር ወደ ትምህርቱ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሲዮን በ1987 ሪፖርቱን አወጣ፤ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገው ትውልድ የራሱን የሚያሟላበትን አቅም እንዳያጠፋ የሚል ነው ጠቅላላ ሐሳቡ። በ1994 ጆን ኤልኪንግተን ኩባንያዎች ከትርፍ ሌላ በሰውና በምድር ላይ ያደረሱትንም እንዲያሰሉ አሳሰበ፤ በ2018 ደግሞ ሐሳቡ የሒሳብ ሪፖርት ማስዋቢያ ሆኖ ቀረ ብሎ እርሱው ራሱ ስያሜውን እንደ ተበላሸ ዕቃ ከገበያ ልመልሰው አለ። የተባበሩት መንግሥታትም በ2007 ለንግድ ትምህርት ቤቶች የኃላፊነት መመሪያ አወጣ። ውጤቱ ግን ባየኋቸው መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ዓይነት ነው፤ ዘላቂነት በመጨረሻው ምዕራፍ ይመጣል፤ የመጨረሻው ምዕራፍም ፈተና ሲደርስ የሚዘለለው ነው። በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ በኤፕሪል 24 ቀን 2013 ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከፍርስራሹ የታወቁ የኤውሮፓና የአሜሪካን ልብሶች ምልክት ተገኘ፤ ከገዢዎቹም ልብሳቸው እዚያ ይሰፋ እንደ ነበር አናውቅም ያሉ ነበሩ። የመጨረሻው ምዕራፍ በእውነቱ የመጀመሪያው እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ጉዳዩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየን ቡና ነው። በሲዳማ ወይም በጅማ ገጠር ያለ ገበሬ እሸቱን ለቅሞ በዚያው ዕለት ለማጠቢያ ጣቢያ ወይም ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ እሸት አያድርምና። አለዚያም አድርቆ ጀንፈሉን ያቆያል። ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ ይሸጋገራል፤ ላኪው አበጥሮና አስለቅሞ በጆንያ ይሞላዋል፤ ከ1993 ወዲህ የራሳችን ወደብ ስለሌለን በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረው ችግር የእምነት ችግር ነው። ሻጩ ገንዘቡን በጊዜ ስለ ማግኘቱ፣ ገዢውም የታየው ናሙና ከጆንያው ውስጥ ስለ መኖሩ ዋስትና አልነበራቸውም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 በእሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሲከፈት መልስ የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። ቡናው መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፤ ቀማሾች ይቀምሱታል፤ የመጣበት አካባቢና ደረጃው ይጻፋል፤ ከዚያ ከተመሳሳዩ ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል። ሻጩ ደረሰኝ ይይዛል፤ ገንዘቡም በማግሥቱ ይገባለታል። በአቅርቦት ሰንሰለት መማሪያ መጽሐፍ ሚዛን ቢመዘን ይህ ምስጉን አሠራር ነው፤ ጊዜ አሳጠረ፣ ክርክር አስቀረ፣ ዋጋውን ለሁሉ ገለጠ። ነገር ግን ተመሳሳይ ቡናዎች እንደ አንድ ሲቆጠሩ፣ ይህ ጆንያ ከማን ማሳ መጣ የሚለው ወሬ ከመጋዘኑ በር ላይ ቀረ። ልዩ ጣዕም ፈላጊ የውጭ ገዢዎች ወዲያው አጉረመረሙ። በ1999 እንደ ተቋቋመው እንደ ኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉት ማኅበራት በቀጥታ መላክ ይፈቀድላቸው ስለ ነበር የቡናቸውን ማንነት ይዘው ቆዩ። ከ2017 ጀምሮም በወጡ ሕጎች ሌሎች አምራቾችና አቅራቢዎች ማንነቱ የታወቀ ቡና የሚሸጡበት መንገድ እየሰፋ መጥቷል። የምርት ገበያው ስሕተት ሠራ አልልም። አንድ ሰንሰለት የሚሠራው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ሲለወጥ ትናንት በትርፍነት የተጣለው ወሬ ዛሬ እጅግ ውድ ዕቃ ሆኖ ይገኛል ማለቴ ነው።

ጥያቄው በእርግጥ ተለውጧል። የኤውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ወደ ገበያው የሚገቡት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣታቸው ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ማረጋገጫውም የማሳው መገኛ ነው። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ የቡና ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ግን ዙሪያ ወሰኑ መቀረጽ አለበት። መገኛው የታወቀ ቡና ካልታወቀው ጋር ከተደባለቀና መለየት ካልተቻለ ጠቅላላው ጭነት አይገባም። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በ2024 እና በ2025 መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፣ ለታላላቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ሆኗል። ጀርመንን የመሰሉ ዋነኛ ገዢዎቻችን በዚህ ሕግ ሥር ናቸው።

እስቲ ለትምህርት ያህል እናስላ። አንድ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች ይጭናል፤ 19,200 ኪሎ ንጹሕ ቡና ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ በዓመት 300 ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚወጣው እሸት ያገኛል እንበል። ሁሉንም ለአንድ ጣቢያ ቢሸጥ ኮንቴይነሩን 64 ገበሬዎች ይሞሉታል። ነገር ግን ገበሬ እሸቱን ሁሉ ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ከፊሉን ለዚህ፣ ከፊሉን ለዚያ ይሸጣል። አምስተኛውን እጅ ብቻ ለዚህ ጣቢያ ከሰጠ በኮንቴይነሩ ውስጥ የ320 ገበሬዎች ቡና አለ፤ በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ጆንያ የአንድ ሰው ነው። ከ320ው የአንዱ ነጥብ ቢጎድልና ቡናው ተደባልቆ ቢገኝ የ319ኙም ይታገዳል። አሁን አንድ ሰው ስልክ ይዞ ወደየማሳው እየሄደ ነጥቡን ቢመዘግብና ለአንድ ማሳ 150 ብር ይፈጃል ብንል፣ 48,000 ብር ይመጣል፤ ለ19,200 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል። አስጨናቂው መጠኑ ሳይሆን ማን፣ መቼ ይከፍላል የሚለው ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ገና ቡናው ሳይገዛ ነው። ላኪው 150 ብሩን አውጥቶ ማሳውን ካስመዘገበ በኋላ ገበሬው እሸቱን ለሌላ ቢሸጥ ወጪው ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ላኪው መዝገቡን በራሱ ካዝና ቆልፎ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ገበሬው የገዛ ማሳው መገኛ በሰው እጅ ስለሆነ፣ የተሻለ ዋጋ ለሚሰጥ ለሌላ ገዢ ልሽጥ ቢል ማስረጃ የለውም። ደን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ሳይታሰብ የድሮውን የዱቤ እስራት በአዲስ መልክ ሊመልሰው ይችላል። ከዚህም የባሰው መንገድ አለ፤ ላኪው መንገድ የሌለበትን፣ ማሳው የተበጣጠሰውን፣ አንድ ጆንያ ብቻ ያለውን ገበሬ ከዝርዝሩ አውጥቶ ትልልቆቹን ብቻ ሊመርጥ ይችላል። በአቅርቦት ሰንሰለት ትምህርት ይህ «አቅራቢዎችን መቀነስ» ይባላል፤ እንደ በጎ ምክርም ይጠቀሳል።

ለቋንቋ ተማሪ የሚሆን ነገርም አለ። በሕጉ «ደን» ማለት ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚያድጉ ዛፎች ያሉበትና ጥላቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን፣ ነገር ግን በዋናው ለእርሻ የማይውል መሬት ነው። በከፋና በያዩ ቡና የሚበቅለው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ነው፤ ሁለቱም ስፍራዎች በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገቡ የደን ክልሎች ናቸው። ከሳተላይት ሲታይ የሚታየው ጥላው እንጂ ቡናው አይደለም። ታዲያ ይህ ደን ነው ወይስ እርሻ? ገበሬው ያረጀ ቡናውን ሲጎነድልና ጥላውን ሲያሳሳ ከላይ ለሚያይ ሰው ምንጣሮ ሊመስለው ይችላል። ከዚያ መንደር ሄዶ የገበሬውን አጠራር በሚገባ የጻፈ ተማሪ ከሳተላይቱ ባልተናነሰ ማስረጃ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ከትምህርቱ ባልደረቦች ጋር ይህን ስንነጋገር ከቆየን በኋላ በአንድ እሑድ በመኝታ ቤታችን ጨዋታውን በአምስት ሰው ሞከርነው። ቢራውን በቡና ለወጥንና ከፋብሪካው ማዶ፣ ማለት ከማጠቢያ ጣቢያው በስተኋላ፣ አንድ ልጅ ገበሬ ሆኖ ተቀመጠ። ደንቡን እንዲህ አደረግን፤ የቡና ችግኝ ለማፍራት ሦስት አራት ዓመት ስለሚፈጅ ገበሬው ትእዛዝ ቢጨመርለትም መጨመር አይችልም፤ ቢቀነስበትም የደረሰውን እሸት በዚያው ዙር ካልሸጠ ይጥለዋል። በስምንተኛው ሳምንት የደንበኛው ካርድ «ነጥብ የሌለውን አልቀበልም» አለ። ጣቢያው ወዲያው ነጥብ ካላቸው ብቻ መግዛት ጀመረ፤ ጆንያውም፣ መጋዘኑም ቀለለለት። በመጨረሻ ወጪ ስንደምር አራቱ ከቢራው ጊዜ ይልቅ ጥሩ ውጤት አገኙ። ገበሬው ግን ስምንት ዙር እሸት ጥሎ ነበር፤ ውጤት መጻፊያው ወረቀት አራት ዓምድ ብቻ ስላለው የእርሱ የሚጻፍበት ቦታ አልተገኘም።

አምስተኛውን ዓምድ በእስክሪፕቶ አሰመርንለት። ከዚያ በኋላ የተከራከርነው በላዩ ምን ይጻፍ በሚለው ነው። የንግድ ሥራዎቹ በዕለቱ የእሸት ዋጋ ይታሰብ አሉ፤ እኔና አንድ የጂኦግራፊ ተማሪ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫትና ባሕር ዛፍ ቢተክል የሚጠፋውም ጥላ ይታሰብ አልን፤ ይህን ግን በብር እንዴት እንደምንለውጠው አልተስማማንም። ከፈተና በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ደግመን ስለምንጫወት፣ ከቡና አገር የመጣችሁ፣ ይልቁንም እሸት ለቅማችሁ የሸጣችሁ ጓደኞች ብትገኙልን አምስተኛው ወንበር የእናንተ ነው።